ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017

ጸደቀ! ጸደቀ! ጸደቀ!

ሦስት ጊዜ የጻፍኩት አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለአባ፣ አንዱ ደግሞ «ከዶሮ ኩስ ምን ሊገኝ ነው» እያለች ስታላግጥብኝ ለከረመችው ለአረጋሽ ነው። አረጋሽ ኮምቦልቻ ላብራቶሪ ውስጥ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ የምትሠራ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ባክቴሪያ ስታበቅል የኖረች ሴት ናት። አማካሪዬ ዶክተር ወልደ ሚካኤል የማስተርስ ጥናቴን ዕቅድ ፈርመው ሲሰጡኝ ግን ቀድማ ያቀፈችኝ እሷው ናት።

ሥራው ይኸውና። በደሴና በኮምቦልቻ ካሉ አሥራ ሁለት የዶሮ እርባታዎች ኩስ እሰበስባለሁ። ከኩሱ ውስጥ ሳልሞኔላን እፈልጋለሁ፤ ከዶሮ ተነስቶ በእንቁላልና በሥጋ ሰው ሆድ የሚገባውን። ካገኘሁት ሐኪሞች ለሰው የሚያዙትን መድኃኒት አንድ በአንድ እሞክርበታለሁ። የትኛው ይገድለዋል? የትኛውን ተላምዶታል? በቃ፣ ይኼ ነው።

ደብተሩን ከደሴ ፒያሳ የገዛሁት ዛሬ ነው። ላብራቶሪው የራሱ መዝገብ አለው፤ ግን እዚያ ላይ መደሰት አይቻልም። አብዛኛውን የምጽፈው ከደሴ ኮምቦልቻ በሚያመላልሰኝ ሚኒባስ ውስጥ ስለሚሆን ሐረጎ መጠማዘዣ ላይ ፊደሎቼ ቢንጋደዱ የሾፌሩ ጥፋት ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

አምስት እርባታ በአንድ ቀን። ጫማዬ አይወራም። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ መስኮት ከፈተ፤ አልቀየምኩትም።

ለእያንዳንዱ እርባታ ቁጥር ሰጥቻለሁ፤ ስም አይጻፍም። ሰባት ቁጥር ግን አክስቴ ከሪማ ናት፣ የአባ ታናሽ እህት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሦስት መቶ ዶሮ አራት ልጅ ታሳድጋለች።

«ዊዱ! ነይ የኔ ሆድ፣ ግቢ! ዶሮዎቹም ናፍቀውሻል ወላሂ!»

የጥጥ ዘንጌን ሳወጣ አፏን ይዛ ሳቀች። «ከቂጣቸው ነው እንዴ የምትወስጂው? ያ ሁሉ ትምህርት ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው አክስቴ። ታመውብሽ ያውቃሉ?»

«ምን ሲደረግ! አንቺ ካዳንሽልኝ ወዲህ አንዲት እንኳ አልሞተችብኝ። ያንቺን ነገር አንድ ቀን አላጓደልኩም።»

እውነቷን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ጫጩቶቿ በየቀኑ ሲረግፉ መድኃኒት የነገርኳት እኔ ነኝ። ያኔ ገና መመረቄ ነበር፤ ቤተሰቡ ሁሉ «ሐኪማችን» ይለኝ ጀመር። መኩራራት ነውር ነው፣ ግን ደብተሩ የኔ ነው።

ስለ መድኃኒት አጠቃቀም የሚጠይቀውን ቅጽ እሷን ሳላደክም ራሴው ሞላሁት። ቤቷን አውቀው የለ! «መድኃኒት ይሰጣሉ?» ለሚለው «አልፎ አልፎ» አልኩ። መኖ ክፍሏ ግድግዳ ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ተሰቅሏል፤ የክትባት ቀን ይሆናል። ፎቶ ላነሳው ስል ሚኒባሱ ጡሩንባውን ነፋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ እስካሁን አላፈሰስኩም።

ልወጣ ስል ደግሞ ሌላ ጦርነት። «ባዶ እጅሽን? ከኔ ቤት?» ሠላሳ እንቁላል በገለባ ጠቅልላ አሸከመችኝ። «ለወንድሜ ነው፣ ላንቺ አይደለም» አለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

አባ እንቁላሉን አይተው ልጅ ሆኑ።

ሱብሂ ሰግደው ሲመለሱ ሁለቱን ብርጭቆ ውስጥ ሰበሩ፣ ለብ ያለ ወተት ጨመሩ፣ ጥቁር አዝሙድ ነሰነሱ፣ ቢስሚላህ ብለው ጭልጥ። ስኳር አለባቸው፣ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ኅዳር በመጣ ቁጥር የደሴ ብርድ ደረታቸውን ይይዛቸዋል።

«ጥሬ እኮ ነው አባ» አልኩ።

«ማሩን ሐኪም ከለከለኝ። ቴምሩን ከለከለኝ። እንቁላሉን ደግሞ ልጄ ትከልክለኝ? አያቴ ከየመን፣ ከሁደይዳ መጥቶ እዚሁ ፒያሳ ጨርቅ ሲሸጥ ዘጠና አራት ዓመት የኖረው በዚህ ነው። እሱ የጠጣው በላብራቶሪ አልፎ ነበር?»

እማ ከማድቤት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። «ደግሞ ባንቺ እጅ የመጣ ምን ይሆናል!» አሉኝ ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲወጡ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

አገኘሁት!! ባክቴሪያ የማበቅልበት ቀዩ ሳህን ላይ ጥቁር ዓይን ያላቸው ነጥቦች፣ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ሥዕል። እርባታ ቁጥር አራት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ። አረጋሽ መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ መልሳ አድርጋ አየች። «ሸጋ ነው» አለች። ከአረጋሽ አፍ «ሸጋ» መስማት ከዲግሪ ይበልጣል።

ማረጋገጫ ይቀራል። እስከ ሐሙስ እንዴት ልኑር?

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ረጋ ብዬ ልጻፍ።

ባክቴሪያውን በሳህን ላይ ትዘረጊውና ከላዩ ምስር የሚያክሉ የወረቀት ክቦች ታስቀምጫለሽ፤ እያንዳንዷ በአንድ መድኃኒት ተነክራለች። በማግስቱ መድኃኒቱ የሠራበት ዙሪያው ጠርቶ ቀለበት ይሠራል። ያልሠራበት ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጫፍ መጥቶ ይነካዋል።

የሰባት ቁጥር ሳህን፦ ቴትራሳይክሊን፣ ቀለበት የለም። አሞክሳሲሊን፣ የለም። ኮትሪሞክሳዞል፣ የለም። ክሎራምፌኒኮል፣ የለም። ሲፕሮ፣ የለም! ሴፍትሪያክሶን፣ መርፌው፣ የሆስፒታሉ ሁሉ መመኪያ፣ የለም!! አዚትሮማይሲን፣ አንድ ብቸኛ ቆንጆ ቀለበት።

ከሰባት ስድስት። ጮህኩ። ከኮሪደሩ ማዶ ሰው መጣ።

ይኼ ብቻ አይደለም። አራት ቁጥርም ዘጠኝ ቁጥርም ልክ እንደዚያው፣ አንድ ሳይዛነፍ። አሥራ አንድ ግን ንጹሕ፤ ሁሉም ይገድለዋል። ታዲያ ሦስቱን ምን አንድ አደረጋቸው? ጫጩት የገዙት ከተለያየ ቦታ ነው። መኖ የሚገዙት ከተለያየ ነጋዴ ነው። አራት ቁጥር ከአክስቴ ሠፈር ቢሆንም ዘጠኝ ቁጥር በሌላኛው የከተማው ጫፍ ናት።

ዶክተር ወልደ ሚካኤል ስልክ ላይ «ፎቶ ላኪልኝ» አሉ፤ ከዚያ «ይህን ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ለተመራማሪዎች ጉባኤ ታቀርቢዋለሽ» አሉ። ፒያሳ፣ በትልቁ ሆቴል አዳራሽ፣ መቶ ሰው ፊት!

«ግን የዶሮ መድኃኒት ሴፍትሪያክሶንን እንዴት ያበላሻል?» አልኳቸው።

«በአንድ ማንጠልጠያ የተያዙ ቁልፎችን አስቢ። አንዱን ቁልፍ ፈልገሽ ብታነሺው ሌሎቹም አብረው ይነሳሉ። ባክቴሪያው መከላከያዎቹን የያዘው እንደዚያ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ያነሳው ማን ነው፣ ለስንትስ ጊዜ ነው።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

አክስቴ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ሌላ ሠላሳ እንቁላል ላከች። መመለስ አይቻልም፣ ያስቀይማል። ደግሞ ባክቴሪያው የወጣው ከኩሱ ነው፣ ከእንቁላሉ አይደለም። አንድ በአንድ በሳሙና አጠብኳቸው።

ለእማ «ለአባ ቀቅይላቸው» አልኳት። «ንገሪያቸው ራስሽ» አለችኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ጽሑፉን ጀመርኩ። ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም፤ ምሳ እንኳ ያቀረበችልኝ እማ ናት። «ምክንያት» በሚለው ሥር እንዲህ አልኩ፦ «ለችግሩ ዋና ምክንያት የአርቢዎች ግንዛቤ ማነስና መድኃኒትን ያለ ባለሙያ ምክር መጠቀም ነው።» ለዶክተር ላክሁት። «ጥሩ ዓረፍተ ነገር» ብለው መለሱልኝ። አሥር ጊዜ አነበብኩት። የእኔ ነው ማለት ያስቸግራል፤ የጥናት ወረቀት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።

ለአባ አልነገርኳቸውም። ስነሳ ጠጥተው ወጥተው ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

አባ ሱቅ አልሄዱም። ሆዳቸውን ቆረጣቸው። ብርድ ነው ይላሉ። እኔም ብርድ ነው እላለሁ።

የአራት፣ የሰባትና የዘጠኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ነገር አለ። አንድ የሚያገናኛቸው ነገር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ትኩሳት። ተቅማጥ። ሠፈራችን ሆጤ ያለው ክሊኒክ ሄድን። አሞክሳሲሊንና ሲፕሮ ሰጧቸው። አብሽሪ፣ በሦስት ቀን ይነሳሉ አሉኝ። ወደ ሥራ ሮጥኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 22

አልተነሱም። ስኳራቸው ወጣ። ዛሬ ያለ ምርኩዝ መጸዳጃ ቤት መድረስ አልቻሉም፤ እኔን አይተው «ወጣት ነኝ እኮ» አሉና ፈገግ አሉ።

እኔ ሳሎን ሆኜ ለጉባኤው ሥዕል እየመረጥኩ ነበር። የሰባት ቁጥር ሳህን በትልቁ ሲታይ ያምራል፤ ይቅር ይበለኝ፣ ያምራል። እማ ለጎረቤት በስልክ ስትናገር ሰማኋት። «ልጅቱማ አለች፣ እሷ በሽታውን ታውቃለች፣ በሽተኛውን አታውቅም።» ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሼ ከፈትኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ሆስፒታል አስተኟቸው። ሴፍትሪያክሶን ተጀመረ። ደም ለምርመራ ወሰዱ። ጥሩ እጅ ላይ ናቸው። ወጣቱ ሐኪም ዶክተር ሀዚም ይባላል፤ ጎበዝ ይመስላል። መርፌው ጠንካራ ነው ይላሉ ሁሉም።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። ተውኩት። ደክሞኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

የዛሬውን በሙሉ ልጻፈው፤ ሳልደብቅ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሉ ስገባ ትኩሳታቸው ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ነበር። ዓይናቸው ተከፍቷል፣ ግን ሌላ ቦታ ነው የሚያየው። እኔን «ከሪማ» ብለው ጠሩኝ። ዶክተር ሀዚም ካርዱን ይዞ ለነርሷ ያነባል፦ «ከክሊኒክ አሞክሳሲሊን። ሲፕሮ። አሁን ሴፍትሪያክሶን ሦስተኛ ቀን፣ ለውጥ የለም።»

ይህን ዝርዝር የት ነው የሰማሁት አልኩ። ወዲያው አወቅኩት። አልሰማሁትም፤ ያየሁት ነው። ሳህኔ ላይ በሰዓት አቅጣጫ የደረደርኩት ነው።

ዞር ስል እማ ከፔርሙስ ወተት ቀድታ ብርጭቆ ይዛ የአባን ራስ ቀና አድርጋለች። ወተቱ ውስጥ የእንቁላሉ ቢጫ ተንሳፍፏል። «ጉልበት ይሁንዎት፣ የሚወዱት ነው» ትላለች። ሦስት ቀን ሙሉ ከቤት እያመጣች ታጠጣቸው ኖሯል።

ነጠቅኳት። ጮኽኩ መሰለኝ፤ ሁሉም በሽተኛ ዞረ። ብርጭቆውን ግን አልደፋሁትም። ከቦርሳዬ የናሙና ጠርሙስ አውጥቼ ገለበጥኩበት፣ ከደንኩት፣ ቀን ጻፍኩበት። እጄ ከልቤ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

«የአባትሽን ምግብ ለላብራቶሪ?» አለች እማ። «ያ አላህ! ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?»

ዶክተር ሀዚምን ኮሪደር ላይ ደረስኩበት። ስልኬን ዓይኑ ሥር ደቀንኩ።

«አዚትሮማይሲን ስጧቸው። እባክህ ዛሬውኑ።»

«የደሙ ውጤት ይምጣ እንጂ። ይኼ ከሰው ነው?»

«ከዶሮ ነው።»

«ከዶሮ?»

«አባቴ የእነዚያን ዶሮዎች እንቁላል በጥሬው ጠጥተዋል። ከዚያ እርባታ። እንቁላሉን…» ስልኩን እጁ ላይ ተውኩለት። «ያመጣሁት እኔ ነኝ። ውጤቱን ካወቅሁም በኋላ ቤት አስገብቻለሁ። በሳሙና አጥቤ።»

ፎቶውን አጎላው፣ ስድስቱን ባዶ፣ አንዱን ቀለበት ቆጠረ። ከዚያ ለአለቃው ደወለ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ጠበቅኩ። ስልኩን ሲዘጋ «ይጀመር ብለዋል» አለኝ። መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ አልነበረም። ሮጥኩ፤ ባጃጅ እስኪመጣ መጠበቅ አቅቶኝ እስከ ፒያሳ በእግሬ ሮጥኩ። ሁለተኛው ፋርማሲ አለው። አልሀምዱሊላህ፣ አለው!

የመጀመሪያዋን ክኒን ምሽት አንድ ሰዓት ላይ በእጄ አጎረስኳቸው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

38.9። ትንሽ ነው። ግን ወርዷል።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

37.4!!!

አባ ነቁ። ዙሪያቸውን አዩ፣ ጎረቤት አልጋ ላይ የነበረውን ሰው ምሳ አዩና «ለኔ ሥጋ የለም?» አሉ። እማ አልቅሳ ጨረሰች። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ነርሷ ሳቀችብኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደስታ አላየሁም፤ የዚያ ሐሙስ ሳህን ከዚህ ጎን ምኑም አይደለም። ዱንያ ሰፋችልኝ። ከሆስፒታሉ እስከ ቤት በእግሬ ሄድኩ፤ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም አልኩ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

ከብርጭቆው የወጣው ሳልሞኔላ ነው። ከአባ ደም የወጣውም ሳልሞኔላ ነው። ሁለቱም ከሰባት ቁጥር ጋር አንድ፣ ስድስት የለም፣ አንድ አለ። አረጋሽ ሦስቱን ሳህን ጎን ለጎን አስቀምጣ ብዙ አየቻቸው።

«እንኳን ደስ አለሽ ልበልሽ ወይስ እግዜር ይማራቸው?» አለች።

«ሁለቱንም በይ» አልኩ።

እውነቱን ልጻፍ። ለአንድ ሰዓት ያህል ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከዶሮ እስከ እንቁላል እስከ ሰው ሰንሰለቱ ተሟልቶ ሲታይ። ከዚያ ሰውየው አባቴ መሆናቸው ትዝ አለኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ከጁምዓ በኋላ አክስቴ ጋ ወረድኩ። ቅጹንም ይዤ፣ በዚህ ጊዜ ጠይቄ ልሞላው።

«ወንድሜ እንዴት አደረ? ዱዓ ስናደርግለት ነው የከረምነው።»

«ደህና ናቸው፤ ነገ ይወጣሉ። አክስቴ፣ ለዶሮዎቹ በውሃ የምትሰጪያቸው ነገር አለ?»

ተገርማ አየችኝ። «ያንቺ ነዋ!»

«የኔ ምን?»

እጄን ይዛ መኖ ክፍል አስገባችኝ። ከግድግዳው ላይ በላስቲክ የተሸፈነውን ወረቀት አወረደች። በቀሚሷ ጫፍ አቧራውን ጠረገችልኝ። የክትባት ቀን አልነበረም።

«ለአክስቴ ከሪማ። ቢጫው ዱቄት፣ በአሥር ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ጠዋት ጠዋት። ዊዱ።» ከሥሩ ትንሽ ጫጩት ሥያለሁ፣ የምትስቅ። ቢጫው ዱቄት ቴትራሳይክሊን ነው።

ጉልበቴ ላይ አድርጌ የጻፍኩት ቀን ትዝ አለኝ። ሚኒባሱ ጡሩንባ ይነፋ ነበር።

«እና ለስንት ቀን ሰጠሻቸው?»

«ስንት ቀን?» ሳቀች። «ጠዋት ጠዋት ነዋ የሚለው። ሁለት ዓመት ሞላኝ፣ ወላሂ አንድ ቀን አላሳለፍኩም። ልጆቼ ሲታመሙ እንኳ አላሳለፍኩም።»

«አምስት ቀን ነበር፣ አክስቴ። አምስት ቀን ብቻ።»

ወረቀቱን አየች። ገለበጠችው፣ ጀርባውን አየች። መልሳ ፊቱን አየች።

«የት ላይ ነው የተጻፈው?» አለች።

የለም። የትም ላይ የለም።

ከዚያ፣ እኔን ለማስደሰት ብላ፣ የቀረውን ነገረችኝ። ሴቶቹ በሚሰበሰቡበት የሐሙስ ዱዓ ላይ፣ እንደሷ ዶሮ የሚያረቡት ሸፊቃና ለይላ ዶሮ አለቀብን ሲሉ ወረቀቱን አውጥታ አስገልብጣቸዋለች። «ዕውቀት መደበቅ ሀራም ነው ብዬ። የወንድሜ ልጅ ናት፣ የተማረች ናት፣ ስትጽፍ አትሳሳትም ብዬ።» ሸፊቃ አራት ቁጥር ናት። ለይላ ዘጠኝ ቁጥር።

ይኸው፣ አራትን፣ ሰባትንና ዘጠኝን ያገናኘው። እንቅልፍ አጥቼ ስፈልገው የከረምኩት። ሲገኝ እጮኻለሁ ብዬ ነበር።

የአባ በሽታ በእንቁላሉ የመጣ መሆኑን ነገርኳት። መሬት ላይ ተቀመጠች። «በኔ እንቁላል? ወንድሜን? እኔው?»

«በኔ ወረቀት» ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ነበር። «ከየት እንደተነሳ ገና አልተጣራም» አልኳት። ለዚያች ሴት እንዲህ ያለ ቃል ነገርኳት።

ዓይኗን ጠርጋ «እሺ፣ አሁን የማደርገውን ጻፊልኝ» አለች። እስክሪብቶ አመጣችልኝ። አልጻፍኩም። የእንስሳት ሐኪም ይዤ ሰኞ እመጣለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዱቄቱን ተዪ፣ እንቁላሉ ሳይበስል አይበላ አልኳት። ወረቀቱን ግን ለምኜ ወሰድኩት። ስወጣ እንቁላል አላሸከመችኝም። ባዶ እጄን ከዚያ ቤት ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

ቤቱ በጠያቂ ተጨናንቋል። አባ ትራስ ተደግፈው ነግሠዋል።

«ሐኪሞቹ ሲያቅታቸው ልጄ በዶሮ ኩስ አወቀችው! ማሻአላህ በሉ እንጂ!»

በእንቁላሉ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። «በልጄ እጅ የመጣ ባክቴሪያ፣ እሱም የተማረ ነው፣ ስድስት መድኃኒት ፈተና አለፈ» ብለው ጠያቂውን ሁሉ አሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ወረቀቱ በዚህ ደብተር ውስጥ ነው፣ በዚህ ገጽና በሚቀጥለው መካከል። ስለሱ አልነገርኳቸውም።

ለጉባኤው ካፖርታቸውን አስተኩሰዋል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

ሰኞ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ሦስቱንም ቤት ዞርን። ሸፊቃ ግልባጯን ከኪሷ አወጣች፤ የኔን ጫጩት ሳይቀር ሥላዋለች። ሦስቱም ዱቄቱን አቁመዋል። አንድ ወረቀት ይህን ሁሉ ካደረገ ሌላ ወረቀትም ሊመልሰው ይችላል፤ ይህን ሳስብ ልቤ እንደገና ይሮጣል። ከስድስት ወር በኋላ መልሼ እለካለሁ። ቀለበቶቹ ይመለሱ ይሆን? ማወቅ አለብኝ!

ዛሬ ለዶክተር ወልደ ሚካኤል የጉባኤውን ሥዕሎች አሳየኋቸው። «ምክንያት» የሚለው ገጽ ላይ «የአርቢዎች ግንዛቤ ማነስ» የሚለውን ሰርዣለሁ። በቦታው የወረቀቱን ፎቶ አስገብቻለሁ። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ፦ «የእጅ ጽሑፉ የአጥኚዋ ነው።»

ዶክተር መስመሩን ደግመው አነበቡት።

«ይህን ማስገባት አይጠበቅብሽም። ጥናቱ ያለሱም ይቆማል።»

«አራት፣ ሰባትና ዘጠኝ ለምን አንድ ሆኑ ቢሉኝስ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም ያን ዓረፍተ ነገር ጥሩ ነው ብዬሻለሁ» አሉ። ከዚያ ፈረሙ።

ከእሳቸው ዘንድ ወጥቼ ወደ አክስቴ ደወልኩ። «በኔ ወረቀት ነው አክስቴ። ባንቺ አይደለም» አልኳት። «አላህ ያውቃል፣ አንቺም ልጅ ነበርሽ» አለችና «አምስት ቀን ብትይኝ ግን አምስት ቀን ነበር» አለች። አዎ። አምስት ቀን ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12፣ ጠዋት

ቁርስ አልወርድ አለኝ። እማ የተቀቀለ እንቁላል ሰጠችኝ፤ ሁለታችንም ተያየን፣ ሳቅን።

ስለ ወረቀቱ ለአባ ትናንት ልነግራቸው ሞክሬ አልቻልኩም። አሁን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ በር ላይ ቆመው ባጃጅ ይጠብቃሉ። ከሱቃቸው ጎን ያሉትን ነጋዴዎች ሁሉ ጠርተዋል። ስኳሩ ዓይናቸውን ስላዳከመው ከሩቅ አያነቡም።

«ዊዱ» አሉኝ አሁን፣ ይህን እየጻፍኩ። «አዳራሹ ውስጥ የት ልቀመጥ? እንዳላሳፍርሽ ከኋላ ልሁን?»

«ከፊት፣ አባ» አልኳቸው። «ከሁሉም ፊት ይቀመጡ። የሚነበብ ነገር አለ፣ ጽሑፉም ትንሽ ነው።»